የቅልሞሹ ወረት

ባለፈው ሳምንት ከሸጎሌ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ አንድ ነገር ጎደለብኝ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ረዳቱ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ስለ በግ ያወራሉ፤ ሹፌሩ መዝሙር ከፍቷል። ቆይቶ ገባኝ። ማንም ስልኩን አይነካም። ስልክማ ሁሉም ይዟል፤ ግን እንደ አምናው በአውራ ጣቱ አንዱን ሥዕል ቶሎ ቶሎ የሚደበድብ ሰው የለም። አጠገቤ ያለችው ወጣት ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ሰው በመስኮት ወደ ውጭ ሲያይ ካየሁ ቆይቼ ነበር።

አምና ያየነውን አንባቢ አይረሳውም። ሥዕሉን በነካችሁት ቁጥር ነጥብ ይጨምራል፤ ነጥቡም አንድ ቀን ወደ ገንዘብ ይለወጣል ይባል ነበር። የታክሲ ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ይነካል። ልጄ ገነት በአንድ እጇ ሽሮ እያማሰለች በሌላው ትነካለች። ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዘኑ የመሰሉኝ ልጆች ለካ ሲነኩ ነው የዋሉት። የልጅ ልጄ ሄርሜላ ደግሞ ከምሳ ሰዓት በቀር ፊቷን አላየሁትም፤ በምሳ ሰዓትም ያየሁት ግማሹን ነው። ቤቱ የኔ ነው፤ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ወረት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ወረት ደግሞ በቁጣ እንደማይሞት ከማንም በፊት ተምሬዋለሁ።

የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቅኋት።

«ሄርሜላ፣ ያ ነገርሽ አለቀ እንዴ?»

«የቱ?»

«የምትነኪው።»

«ኧረ እሱማ ሞቷል እማማ። አሁን ማን ይነካል?»

«ምን ገደለው?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ እንጃ። እ... ማለቴ፣ የሊዲያ እናት ተጫወቺ ብላ ግብዣ ላከችልኝ። ከዛ የሒሳብ አስተማሪያችን ጀመረ። በቃ፣ የሊዲያ እናት ከጀመረችው በኋላ ምን ደስ ይላል?»

ሳቄ አምልጦኝ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። በሷ የሳቅሁባት መስሏት ተቀየመች። በሷ አልነበረም። በቃሏ ውስጥ የሰማሁት፣ በልጅነቴ አንድ የዐቢይ ጾም ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቀው የነበረውን ነገር ነው።

አባቴ ሲሞት ከሰላሌ ወደ ጉለሌ፣ አክስቴ ቤት መጣሁ። ስለ እናቴ እዚህ አልናገርም፤ የዚህ ታሪክ ጉዳይ አይደለችም። አክስቴ አሰለፈች ከቁስቋም በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ ጥጥ እየፈተለች ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የምታቀርብ፣ በሠፈሩ የተከበረች ሴት ነበረች። በሕይወቷ ዘመን ሁሉ እትዬና እርስዎ እያልኩ ነው የጠራኋት። አሁን ሳስታውሳት ግን አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሚያነብ ይረዳኛል። አንድ ልጅ ነበረቻት፣ አልማዝ። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች።

ስምምነቱ ግልጽ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት እገባለሁ፤ በምትኩ የቤቱን ውሃ እቀዳለሁ። ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ከሰዓት ደግሞ ከትምህርት በኋላ። በጋ ሲሆን ቦኖው የሚከፈተው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለነበር ወረፋው ከውሃው የከበደ ነው። ሴቶቹ ሥራ ፈትተው መቆም አይችሉም፤ ስለዚህ በየቤቱ አንድ አንድ ጠጠር ነበረ። ገና ሳይነጋ የመጣች ጠጠሯን በቦኖው ግንብ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቀጥላ የመጣች ከጎኑ፤ ሌላዋም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። የቦኖው ጠባቂ ጋሽ ወልዴ ቁልፋቸውን ይዘው ሲመጡ ሰው አይጠሩም፤ ጠጠር ነው የሚጠሩት። «ቀይዋ፣ ቅጂ። ጠፍጣፋዋ፣ ተዘጋጂ።» እትዬ ብርቄ የሚባሉ ጠላ ሻጭ ጠጠራቸው ቀይ ነበረች፣ የሽንኩርት ቅርፊት የመሰለች። የኛ ቤት ጥቁር ነበረች፣ ወገቧ ላይ ነጭ መስመር ያላት፤ አክስቴ ከእንጦጦ ሥር ካለ ወንዝ ራሷ መርጣ ያመጣቻት። ጠጠሮቹ ለዓመታት በእጅ ሲታሹ ኖረው እንደ ዕንቁላል ለስልሰዋል። በመንደሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የታመነ ሕግ ነበር። የጎረቤቱን ዶሮ የሚሰርቅ ሰው እንኳ የወረፋ ጠጠር አይነካም።

ከጥምቀት በኋላ ቅልሞሽ መጣ።

ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ቅልሞሽ ድሮም የነበረ ጨዋታ ነው፤ አምስት ጠጠር ይዘሽ አንዷን ወደ ላይ ትወረውሪያለሽ፣ እሷ ሳትወርድ ሌሎቹን ከመሬት ትለቅሚያለሽ፣ ከዚያም የተወረወረችውን ትቀልቢያለሽ። ያን ዓመት ግን እንደ ጉንፋን ነው የተዛመተው። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ፣ በየደጃፉ ሴት ልጅ ሁሉ ተቀምጣ ትወረውራለች። ጣቶቻችን በአቧራ ነጡ። እኔ እንኳ «ጣቶቻችን» አልኩ እንጂ አልተጫወትኩም፤ ጀሪካን የተሸከመ እጅ ጠጠር አይቀልብም። ድምፁን ግን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ዳገቱን በወጣሁ ቁጥር ከየበሩ።

አልማዝ የሠፈሩ አንደኛ ነበረች። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ስለምወዳት አይደለም። ጣቶቿ ረጃጅም፣ ዓይኗ ፈጣን፣ ስትጫወት ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ጎበዝ ተጫዋች ደግሞ ጥሩ ጠጠር ይፈልጋል፤ የመንገድ ጠጠር ሸካራ ነው፣ ጣት ይልጣል። በጉለሌ ውስጥ ለስላሳ፣ ክብ፣ ለእጅ የሚመች ጠጠር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ሲጠፉ መጀመሪያ የጠፋችው የኛዋ ጥቁር ናት። አልማዝ ስትወስዳት አይቻለሁ። ውሃ ልትጠጣ እንዳጎነበሰች ሆና ከግንቡ ጠርዝ አነሳቻትና አፏ ውስጥ ከተተቻት፤ ጉንጯ ከረሜላ እንደያዘ ልጅ አበጠ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ቀጥ ብላ ሄደች።

ለምን አልተናገርሽም የምትሉኝ የሰው ቤት ያላደጋችሁ ናችሁ።

የዚያን ምሽት አክስቴ እንዝርቷን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«ጠጠሯን የት ጣልሻት?»

«አስቀምጫት ነበር እትዬ። ስመለስ የለችም።»

«እግር አውጥታ ሄደች በይኛ።»

አልማዝ ጥግ ተቀምጣ የሽምብራ ቆሎ ትቆረጥማለች። «እማዬ፣ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ስትጫወትባት ጥላት ይሆናል» አለች። ድምጿ ውስጥ ክፋት እንኳ አልነበረም። ቆሎ እንደ ማቀበል ነው የተናገረችው።

ሌላ ጠጠር ሲጠፋ አክስቴ ታገሰች፣ ሌላም ሲጠፋ። ቦኖው ላይ ጠጠር በጠፋ ቁጥር ወሬው ቤታችን ይደርሳል፤ ጠጠሮቹ አጠገብ ከሁሉ የሚያዘወትረው ማን ነው? የኛ ቤት ልጅ፣ የገጠሯ። በመጨረሻ አስቀመጠችኝና እንዲህ አለችኝ።

«ስሚ። ከእንግዲህ ከዚያ ቦኖ አንዲት ጠጠር ጠፋች ሲሉ ብሰማ፣ አጎትሽ ለፋሲካ በግ ሊሸጥ ሸጎሌ ሲመጣ አብረሽው ትመለሻለሽ። እዚያ የሚጠብቅሽ አለ።»

የሚጠብቀኝ አንድ ሚስቱ የሞተችበት ባለ መሬት ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ስሙን አልጽፈውም፤ ምናልባት ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እኔ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት ነው፤ ደብተሬ ውስጥ የማልረዳቸውን ቃላት እያየሁ ነገ እረዳቸዋለሁ እል ነበር። ሰላሌ ብመለስ ነገ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቅ ነበር።

እንግዲህ ሁኔታዬ ይህ ነው። አልማዝን ማስቆም አልችልም። ብናገር የሚያምነኝ የለም፤ ቢያምነኝም የቤቱ ልጅ እሷ ናት። ያለኝ ተስፋ አንድ ብቻ ሆነ፦ አጎቴ ሳይመጣ ቅልሞሹ እንዲሞት። የጨዋታው ፍቅር ከሞተ አልማዝ ጠጠር አትፈልግም። ጠጠር ካልፈለገች እኔ እቀራለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰው የዝናብ ደመና እንደሚያይ እኔ የቅልሞሽን መድከም ስፈልግ ከረምኩ። ጠዋት ባዶ ጀሪካን ይዤ ስወርድ የየበሩን ድምፅ አዳምጣለሁ፤ ትናንት ከነበረው ይቀንሳል ወይ? አንድ ቀን በአጥሩ ጥግ ገመድ የሚዘሉ ልጆች አየሁና ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። በማግስቱ ገመዳቸውን ጥለው ጠጠር ሲወረውሩ አገኘኋቸው። አስተማሪያችን የልጆቹን ኪስ እየፈተሹ ጠጠሩን ሁሉ በአጥሩ ላይ አውጥተው ወረወሩት፤ ከትምህርት በኋላ ግማሹ ክፍል ከአጥሩ ውጭ ተንበርክኮ ሲለቅም ዋለ። የበልግ ዝናብ ዘገየ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁስቋም ደጅ አንድ አሮጊት ቅልሞሽ ዝናብ ያስቀራል እያሉ ልጆችን በከዘራ ማባረር ጀመሩ። ይህ የባሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተደብቀው ነበር የሚጫወቱት፤ የተደበቀ ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚጥም ታውቃላችሁ። በሬዲዮ ስለ ስልክ ጨዋታ ሲቆጡ በሰማሁ ቁጥር እኚያ አሮጊት ከነከዘራቸው ይታዩኛል።

ጾሙ ገፋ። ጠዋት ጠዋት ምንም ሳልቀምስ እወርዳለሁ፣ ከሰዓት ስመለስ የሱፍ ፍትፍት ይጠብቀኛል፤ መንገዱ ደርቆ አቧራው ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ከላይ ከጫካው የባሕር ዛፍ ሽታ ይወርዳል። ቦኖው ላይ ግን ሰላም ጠፋ። ጠጠር የሌለው ወረፋ ወረፋ አይደለም። ሴቶቹ ቀድሜ ነበርኩ፣ አልነበርሽም እያሉ በየቀኑ ይጣላሉ፤ አንድ ቀን እንስራ ተሰበረ። ጋሽ ወልዴ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«እናንተ እስክትስማሙ ቁልፉ ኪሴ ነው» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ፀሐዩ እየበረታ ሄደ። ማንም ወደ ኋላ አላለም። ከዚያ እትዬ ብርቄ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ከእግራቸው ሥር የመንገድ ጠጠር ለቀሙ።

«በሉ እንግዲህ፣ በልጅነት ሙያችን እንለያይ። ያሸነፈች ትቅዳ።»

«በጾም?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«ጠጠር ቅቤ የለበትም ጋሼ።»

ሳቁ። መጀመሪያ ሁለቱ ተጫወቱ፣ ከዚያ አራቱ። አንዷ እርጉዝ ነበረች፣ መጎንበስ ስላልቻለች ጋሽ ወልዴ የተቀመጡበትን ድንጋይ ለቀቁላት። የረሱት መስሏቸው ነበር እንጂ እጃቸው አልረሳም። በማግስቱ ወረፋውን በዚሁ ለዩ። በሦስተኛው ቀን ውሃ የማያስፈልጋቸው ሁሉ መምጣት ጀመሩ። አክስቴንም፣ በአንገቷ ኩራት የምትታወቀውን አሰለፈችን፣ ጥጥ ላቀብል ነው ብላ ወጥታ ከነሱ መሀል ተቀምጣ አየኋት። ደርባባነቷን ጥላ ጠጠር ስትስት «ይቺ አትቆጠርም፣ ነፋስ ነው» ስትል ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው ድምፁ የቀነሰው።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ክፍል ውስጥ ነው። አንዷ ልጅ እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ «እናቴን ቦኖ ላይ አየኋት። መሬት ተቀምጣ፣ አፏን ከፍታ ስትቀልብ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ» አለች። ሌላዋ፣ «የኔማ ቤትም ይዛው መጣች፣ እንጫወት ብላ ለመነችኝ» አለች። በዚያው ሳምንት በየበሩ ሥር ቃ፣ ቃ የሚለው ጠፋ። አጥሩ ሥር ያሉት ጠጠሮች ማንም ሳይነካቸው ተበትነው ቀሩ፤ ገመዱ ተመልሶ መጣ። ከዘራውም አስተማሪውም ያልቻሉትን እናቶች አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጨረሱት፣ ያውም ሳያስቡት። ደስታዬን ለማን ልንገር? ጀሪካኑን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ለብቻዬ እስቅ ነበር።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ሁሉ ሲተወው፣ አንደኛ የነበረችው ልጅ አትተወውም።

አልማዝ ተጋጣሚ አጣች። ጓደኞቿን አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ እያለች ትለምናለች፤ ጥለዋት ገመድ ለመዝለል ይሄዳሉ። የምታጣው ነገር ሲበዛ ይመስለኛል፣ የነበሯት አምስቱ እንኳ አላረካ አሏት፤ አንዷን ሸካራ ነች ብላ ጣለቻትና በሷ ምትክ የምትሆን ስትፈልግ የቀረችውን አንዲት ቆንጆ ወሰደች። ዓርብ ከሰዓት፣ ወረፋው በጨዋታ ከሆነ በኋላም ከልማድ የሚያስቀምጧት የእትዬ ብርቄ ቀይ ጠጠር ከግንቡ ጠርዝ ጠፋች።

አክስቴ ወሬውን ከገበያ ይዛ ገባች። አልጮኸችም። ያ ነው የከፋው።

«ልብስሽን እጠቢ። አጎትሽ ሰኞ ይመጣል።»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ሁልጊዜ አንቺ አይደለሽም።» የት እንደነበርኩ ልነግራት ስጀምር ወደ ጓዳ ገባች።

አጠብኩ። ያለኝ ልብስ ብዙ አልነበረም፤ ዩኒፎርሜንም ጨምሬ አጠብኩና አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ዩኒፎርሙን ምን ትሠሪበታለሽ? እዚያ ትምህርት ቤት የለ።»

የዩኒፎርሙን እጅጌ አቃናሁ። አንድ እጇ ከነጠላዋ ሥር ነበር፤ ጠጠሮቹ በእጇ ውስጥ እርስ በርስ ሲፋተጉ ይሰማኛል።

ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መሬት ተቀምጠዋል፤ አክስቴም አለች። የመንገድ ጠጠር ስለሆነ ከእጃቸው እየሾለከ ይረግማሉ። ጀሪካኔን ቧንቧው ሥር አድርጌ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። ከዚያ የአልማዝን ሳቅ ሰማሁ።

«በእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው የምትጫወቱት?»

«ነይ እስቲ የአሰለፈች ልጅ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ጎበዝ ነሽ ይሉሻል። ከእናቶችሽ ጋር ተያዪ።»

ጓደኞቿ ከለመነቻቸው በኋላ እንኳ ያልሰጧትን ነው የሰጧት። ዞር ብዬ ሳይ ፊቷ በርቷል። ተቀመጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና አምስቱን ጠጠር ሲሚንቶው ላይ ዘረገፈቻቸው።

ለምን እንዳመጣቻቸው ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ደደብ አልነበረችም። ይመስለኛል፣ እጇ ውስጥ ከከረሙ በኋላ የሰው መሆናቸውን ረስታዋለች። እሷ እንደዚያ ናት፤ የያዘችው ነገር ሁሉ ድሮም የሷ የነበረ ይመስላታል።

ውሃው ጀሪካኔ ውስጥ ሲንፎለፎል ብቻ ነው የሚሰማው። እትዬ ብርቄ እጃቸውን ዘርግተው ቀይዋን አነሱና በአውራ ጣታቸው አሹዋት።

«ይቺ የኔ ናት።»

ጎናቸው ያለችው ሴት አጎነበሰች። «ጠፍጣፋዋ ደግሞ የኛ ናት።» ሌላዋም አንስታ ዝም ብላ ጉያዋ ከተተቻት። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሲሚንቶው ላይ አንዲት ጥቁር፣ ወገቧ ላይ ነጭ መስመር ያላት ጠጠር ብቻዋን ቀረች። አክስቴ አየቻት። ለማንሳት እጇን አልዘረጋችም።

«የሺ ናት የሰጠችኝ» አለች አልማዝ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያን ያህል ቀን ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ የጀሪካኑን እጀታ ጨበጥኩ።

«ቀይዋንም?» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አዎ። ትናንት።»

«ትናንት ከሰዓት?»

«አዎ አልኩዎት እኮ።»

«ቆይ እስቲ። ትናንት ከሰዓት ጠጠሬን ካስቀመጥኩ ጀምሮ እስክትጠፋ ይቺ ልጅ እኔ ዘንድ ነበረች። ወገቤን ይዞኝ ጌሾ ስትወቅጥልኝ ነው ያመሸችው። ከቦኖው ላይ ጠጠሯ የለችም ብለው ሲጠሩኝ እንኳ አብራኝ ነው የወጣችው።» ወደ አክስቴ ዞሩ። «በሷ አላከክሽው እንዴ አሰለፈች? እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበር?»

አልጠየቀችም። ማንንም አልጠየቀችም። ይህን ነው እስከ ዛሬ ያልዋጥኩት። መልሱ ከቤታችን አምስት አጥር አልፎ ተቀምጦ ነበር፤ ጥያቄው ነው የታጣው።

አክስቴ ብድግ ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ልጇን አልመታችም፣ እኔንም አላየችኝም። «ጀሪካኑ ሞልቷል፤ እየፈሰሰ ነው። ይዘሽ ወደ ቤት ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ከክብደቱ አልነበረም።

እሑድ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነገረም። ቤተ ክርስቲያን ሄደን ዘንባባ ይዘን ተመለስን። ከዩኒፎርሙ በቀር የታጠበው ልብሴ ተጣጥፎ አልጋዬ ላይ ነበር፤ ማን እንዳጣጠፈው አልጠየቅሁም። ልሂድ ልቅር አላውቅም ነበር። ሰኞ ጠዋት አጎቴ በጎቹን ሸጎሌ አውርዶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ እንደያዘ ገባ። መንገደኛ አይጾምም ብላ አክስቴ ሽሮ አቀረበችለት። በልቶ እጁን ሲታጠብ፣

«ልጅቷስ? ተዘጋጀች?» አለ።

አክስቴ እንዝርቷን አነሳች። «ትምህርት አላት» አለች።

ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አልወጣትም፣ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት። እኔ ግን መጨረሻውን ለመስማት አልቆየሁም። ዩኒፎርሜ አጥሩ ላይ አድሮ በጤዛ ርሶ ነበር፤ እሱኑ ለብሼ ወጣሁ። ትምህርት ቤት እስክደርስ እላዬ ላይ ደረቀ።

ቅልሞሹ ለፋሲካ አልደረሰም። እናቶቹም ቢሆኑ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ተፋፍረው ተዉት፤ ጠጠሮቹ ወደ ግንቡ ጠርዝ ተመለሱ፣ ዝናቡም መጣ። እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፣ የጤና ረዳት ሆንኩ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ በክሊኒክ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። እዚያው ጉለሌ፣ ከቦኖው ብዙም ሳልርቅ ቤት ሠራሁ። የአክስቴ ቤት መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ። እሷም ካረፈች ቆይቷል፤ ነፍሷን ይማር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ አንቱታውን ግን አልመለስኩላትም።

አልማዝ በሕይወት አለች። በልጇ ሠርግ ላይ፣ እኔ እዚያው ጠረጴዛ ተቀምጬ፣ ለሙሽራዋ ዘመዶች ታሪኩን ስታወራ ሰማኋት። «በልጅነታችን እኔ የቅልሞሽ ንግሥት ነበርኩ፣ የሺ ደግሞ ጠጠር ትሰርቅልኝ ነበር» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። እኔንም በትከሻዬ መታ አድርጋ አቀፈችኝ። እየዋሸች አልነበረም፤ ዓይኗን አይቻለሁ። ታምነዋለች። በሰው ሠርግ ምን ይባላል? ፈገግ አልኩና ጠጄን ጠጣሁ። እነሆ ዛሬ እውነቱን ጻፍኩት፤ የሙሽራዋ ዘመዶች ካገኙት ያንብቡት።

ከትናንት በስቲያ ደወለችልኝ። እሷም አምና ነክታለች፤ እንደ ሌላው ሰው አይደለም፣ በቀንም በሌሊትም ነው አሉ፣ ልጆቿ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

«የሺዬ፣ እናንተ ቤት አሁንም የሚነካ አለ?»

«የለም። አልቋል አሉኝ።»

«ሄርሜላም?»

«እሷማ ቀድማ ተወችው።»

በስልኩ ውስጥ የሆነ ቴሌቪዥን ይሰማል። «እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው» አለች። ድምጿ ውስጥ ያቺ ጓደኞቿን አንድ ዙር ብቻ እያለች ስትለምን የነበረች ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ ኖሮ እጫወትላት ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። አልጫወትም ነበር።

«ተይው እንግዲህ» አልኳት። «ለቁስቋም ማርያም ስትመጪ ጎራ በይ። ምሳ እንበላለን።»

«መንገዱ እኮ ረዘመብኝ» አለች።

ይቅር አልኳት ማለቴ አይደለም። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ስለሌለ የምሰጠውም የለኝም፤ አልፎ አልፎ ነገሩ ሲቆጠቁጠኝ ያድራል። ስልኩን ዘግቼ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያንገበግበኝ በኖረው ቦታ ያገኘሁት እፎይታ ነው። ሰው የሚድነው ሁልጊዜ በፍርድ አይደለም፤ አንዳንዴ የሚያሳድደው ነገር ደክሞት ነው። ደጄ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ ዳገቱ ይታያል፤ ሰዎች ከሥራ እየተመለሱ ነው። አልማዝ ከከተማው ማዶ ካለው ኮንዶሚኒየም ተነስታ እዚህ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ አለባት። እኔ እዚሁ ነኝ።